ጥድን የሚያደርቀው ክሽክሽ፦ ከወሎ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በደሴና በኮምቦልቻ የአጥር ጥድ፣ በየቤተ ክርስቲያኑና በየመስጊዱ ግቢ፣ በመካነ መቃብርና በየትምህርት ቤቱ ያለ ጥድ ሲቀላ መጀመሪያ የሚመጣው ሐሳብ "ውኃ ጠማው" የሚል ነው። አንዳንዴ እውነት ነው። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋተኛው ክሽክሽ የሚባል የዛፉን ጭማቂ የሚመጥ ትንሽ ነፍሳት ነው፤ ቅርንጫፉን ገልጦ ያየ ሰው ግን አይኖርም፤ ሲገለጥ ደግሞ ዛፉ ግማሹ ሄዷል። ከዚህ በታች ያሉት መልሶች በእጃቸው ሊያክሟቸው የሚችሏቸው ጥቂት ዛፎች ላሏቸው ሰዎች የተጻፉ ናቸው። ስለ ደን የተለየ መልስ ወደ መጨረሻው አለ።

የግቢዬ ጥድ ከውስጥ በኩል እየቀላ ነው። ክሽክሽ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

ከታችኛውና ከውስጠኛው ቅርንጫፍ ይጀምሩ፤ ጉዳቱም የሚጀምረው ከዚያ ነው። የቀላው ክፍል ከአረንጓዴው ጋር የሚገናኝበትን ቦታ ይያዙና ቀንበጡን ገልብጠው ከሥሩ በኩል ይዩት። የጥድ ክሽክሽ ከ2 እስከ 4 ሚሊ ሜትር የሚደርስ፣ ቡናማ ወደ ብርቱካን የሚያደላ፣ ላዩ ላይ ግራጫ ዱቄት የተነሰነሰበት የሚመስል ነፍሳት ነው። ተጠጋግቶ በረድፍ ይቀመጣል፤ ቀለሙ ከቅርፊቱ ጋር ስለሚመሳሰል ዓይን ቶሎ አይለየውም። በጣት ሲነካ ግን ይንቀሳቀሳል።

ካልታየዎት ነጭ ወረቀት ወይም ነጭ ጨርቅ ከቅርንጫፉ ሥር ዘርግተው ቅርንጫፉን በዱላ አሥር ጊዜ ያህል መታ መታ ያድርጉ። ክሽክሽ ካለ ወረቀቱ ላይ ወድቆ ሲሄድ ያዩታል። ይህንን በዛፉ አራት አቅጣጫ ይድገሙት፤ በአንድ በኩል ሞልቶ በሌላው በኩል የማይገኝበት ጊዜ ብዙ ነው።

ሌሎች ምልክቶችም አሉ። ቅጠሉና ከሥሩ ያለው ድንጋይ ይጣበቃል፤ ክሽክሹ የሚያወጣው ማር መሰል ፈሳሽ ነው። በፈሳሹ ላይ ጥቀርሻ የመሰለ ጥቁር ሻጋታ ያድጋል። ጉንዳኖች ግንዱ ላይ ሲመላለሱ ከታዩ ያንን ፈሳሽ ሊለቅሙ ነው፤ ክሽክሹን ከሚበሉት ነፍሳትም ይከላከሉለታል። ስለዚህ የጉንዳን ሰልፍ ያለበትን ዛፍ ሁልጊዜ መመርመር ይገባል።

ይህ ተባይ ከየት መጣ? የሐበሻ ጥድንም ይነካል ወይስ የፈረንጁን ብቻ?

ሁለቱንም ይነካል። በሳይንሳዊ ስሙ ሲናራ ኩፕሬሲቮራ ይባላል። የአፍሪካ ተወላጅ አይደለም። በአህጉራችን መጀመሪያ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1986 ማላዊ ውስጥ ነው፤ በ1990 ኬንያ ደረሰ፤ ወደ እኛም አገር ገብቷል። የፈረንጅ ጥድ በአገር ደረጃ በስፋት የተተከለ በመሆኑ መንገዱ ሰፊ ሆነለት። የሐበሻ ጥድ በዝግታ የሚያድግ ዛፍ ነው፤ የተጎዳውን በአዲስ ለመተካት ዕድሜ ይጠይቃል። በይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ወይም በየጎፍ ተራራ ያለውን ዓይነት ጥድ ለሚጠብቅ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

በሞቃት አገር ይህ ክሽክሽ ወንድ ሳያስፈልገው ዓመቱን ሙሉ ይራባል። ሴቷ እንቁላል ሳትጥል ልጅ ትወልዳለች፤ አየሩ ከተመቻት ልጇ በአንድ ወር ውስጥ እናት ትሆናለች። ቀንበጡ ሲጨናነቅ ክንፍ ያላቸው ይወጡና በነፋስ ወደ ሌላ ዛፍ ይሄዳሉ። ጉዳቱ ጭማቂ በመምጠጥ ብቻ አይወሰንም። ሲመጥ የሚለቀው ምራቅ ለጥዱ መርዝ ነው፤ ለዚህ ነው ጥቂት ክሽክሽ የሰፈረበት ቀንበጥ እንኳ እስከ ጫፉ የሚደርቀው።

ክሽክሽ ካላገኘሁስ?

እንግዲያውስ አይርጩ። ጥድ በሌላም ምክንያት ይቀላል። ከውስጥ በኩል ያረጁ ቅጠሎች በበጋ ቀልተው መርገፋቸው የተለመደ ነው፤ በሁሉም ቅርንጫፍ እኩል ከታየና ጫፎቹ ለምለም ከሆኑ አያሳስብም። ቅርፊቱ ተሰንጥቆ ሙጫ የሚያነባ ከሆነ የፈንገስ ቁስል ነው፤ የታመመውን ቅርንጫፍ ከቁስሉ በታች ቆርጦ ማቃጠል እንጂ የነፍሳት መድኃኒት አይረዳውም። ግንዱ ላይ ትናንሽ ቀዳዳና የእንጨት ብናኝ ካለ የቅርፊት ጥንዚዛ ነው፤ እሱ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው አስቀድሞ በተዳከመ ዛፍ ላይ ነው። በሐበሻ ጥድ ላይ ተቀጽላም ይበቅላል። ከአንድ ወገን ብቻ የደረቀ ዛፍ ካለ ደግሞ ሥሩ በቁፋሮ፣ በቧንቧ ሥራ ወይም በመንገድ ተቆርጦ እንደሆነ ይጠይቁ።

በየትኛው ወር ልመርምር? መቼስ ላክም?

ከባድ ዝናብ ክሽክሹን ከዛፉ አጥቦ ይጥለዋል። ስለዚህ ክረምቱ ወጥቶ ቀዝቃዛውና ደረቁ ወቅት ሲገባ፣ ከጥቅምት እስከ ጥር፣ የሚበዛበት ጊዜ ነው። ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ በየሁለት ሳምንቱ የነጭ ወረቀቱን ምርመራ ያድርጉ። በልግ በሚዘንብበት አካባቢ በየካቲትና በመጋቢት ቁጥሩ ሊቀንስ ይችላል፤ በልጉ ከቀረ ግን ውኃ የጠማው ዛፍና የተባዛ ክሽክሽ አንድ ላይ ይገጥማሉ፤ እንዲያ ባለ ዓመት ዛፍ በብዛት ይደርቃል።

በሳሙና ማከም ይቻላል ይባላል። እውነት ነው? እንዴት?

እውነት ነው። ከሰው ቁመት ብዙም ለማይበልጥ ዛፍና ለአጥር ጥድ ከሁሉም በፊት የምንመክረው እሱን ነው። ርካሽ ነው፤ ልጆችና ከብት ባሉበት ግቢም አያስፈራም። የሚከሽፈው ሰዎች ከላይ ከላይ ረጭተው ስለሚተዉት ነው። ሳሙና የሚገድለው የነካውን ብቻ ነው፤ ከደረቀ በኋላ ምንም ኃይል የለውም። ክሽክሹ ደግሞ ያለው በውስጥ፣ በቀንበጡ ሥር ነው።

ለአንድ 15 ሊትር የሚይዝ በጀርባ የሚታዘል መርጫ ከ150 እስከ 300 ግራም የልብስ ደረቅ ሳሙና ይበቃል። ሳሙናውን ፈቅፍቀው በአንድ ሊትር ሙቅ ውኃ ያሟሙት፤ በጨርቅ ያጥልሉት፤ አለበለዚያ የመርጫውን አፍ ይደፍነዋል። ከዚያ መርጫው ውስጥ ጨምረው በቀዝቃዛ ውኃ 15 ሊትር ይሙሉት። ውኃው አረፋ የማያወጣና ነጭ እርጎ የሚመስል ነገር የሚንሳፈፍበት ከሆነ ጨው የበዛበት ውኃ ነው፤ ሳሙናውን ከጥቅም ውጭ ያደርገዋል። የዝናብ ውኃ ይፈልጉ።

በመጀመሪያ አንድ ቅርንጫፍ ብቻ ረጭተው ሁለት ቀን ይጠብቁ። ካልተቃጠለ ዛፉን በሙሉ ያዳርሱ። ቅርንጫፉን በአንድ እጅ እየገለጡ ከውስጥ ወደ ውጭ፣ ከታች ወደ ላይ እስኪንጠባጠብ ድረስ ይርጩ። ሰዓቱ ጠዋት ከ12 እስከ 3፣ ወይም ማታ ከ11 በኋላ ይሁን። ፀሐይ በበረታበት ሰዓት የተረጨ ሳሙና ቅጠል ያቃጥላል፤ ውኃ የጠማው ዛፍም እንዲሁ ይጎዳል፤ ስለዚህ ዋዜማውን ያጠጡት። በየሰባት ቀኑ ለሦስት ጊዜ ይድገሙ፤ አንድ ጊዜ ብቻ ከሆነ የተረፉት በጥቂት ሳምንት መልሰው ይሞሉታል።

የዱቄት ሳሙና፣ ኦሞ የምንለው፣ አይሆንም። በውስጡ ያሉት ሌሎች ኬሚካሎች ቅጠል ያቃጥላሉ። ናፍጣና ነጭ ጋዝ ቀላቅሎ መርጨትም በብዙ ቦታ ይሠራበታል፤ ክሽክሹን ይገድላል፣ ጥዱንም አብሮ ይገድላል።

ኒምስ?

ቆላው አካባቢ ኒም የሚያገኝ ሰው የደረቀውን ፍሬ ከልጦ፣ ውስጡን ወቅጦ፣ ለአንድ ሊትር ውኃ 50 ግራም ሂሳብ አሳድሮ፣ አጥልሎ መርጨት ይችላል። ለ15 ሊትር 750 ግራም ማለት ነው። እንዲጣበቅ ትንሽ ሳሙና ይጨመርበት። ፀሐይ ኃይሉን ስለሚሰብረው ማታ፣ ተዘጋጅቶም በዚያው ቀን መረጨት አለበት። ሥራው ዘገምተኛ ነው፤ ክሽክሹን በአንድ ቀን አያረግፈውም፤ ዕድገቱንና መመገቡን ግን ያውከዋል።

ዛፉ 15 ሜትር ቢሆንስ? መርጫ አይደርስም።

እዚህ ላይ በሥር በኩል የሚሰጥ መድኃኒት አለ። ኢሚዳክሎፕሪድ የተባለው ንጥረ ነገር በውኃ ተበጥብጦ ግንዱ ሥር ሲፈስ በሥሩ ተስቦ ወደ ቅርንጫፍ ይወጣል፤ ጭማቂውን የሚመጥ ክሽክሽም ይሞታል። ሲገዙ የእርሻ መድኃኒት ሻጩ የሚሰጥዎትን ዕቃ መለያ ያንብቡ፤ 20 በመቶ ፈሳሽ፣ ማለትም በሊትር 200 ግራም፣ ከሆነ ከዚህ በታች ያለው ስሌት ይሠራል። መጠኑ ሌላ ከሆነ ስሌቱም ይለወጣል። መለያው ያነሰ መጠን ካዘዘ ወይም በዛፍ ላይ መጠቀምን ከከለከለ የመለያው ቃል ይቀድማል። በሃይላንድ ጠርሙስ ተቀድቶ የሚሸጥ መድኃኒት በፍጹም አይግዙ።

የግንዱን ዙሪያ ከመሬት 1.3 ሜትር ከፍታ ላይ በልብስ ሰፊ ሜትር ይለኩ። ለእያንዳንዱ 8 ሳንቲ ሜትር ዙሪያ ከ3.5 እስከ 7 ሚሊ ሊትር መድኃኒት ያስፈልጋል። ዙሪያው 80 ሳንቲ ሜትር የሆነ ዛፍ እንግዲህ ከ35 እስከ 70 ሚሊ ሊትር ይወስዳል። ለትንሽ ዛፍ ዝቅተኛው፣ ለትልቁና ክሽክሽ ለበዛበት ከፍተኛው ይሁን። መለኪያው መርፌ የሌለው የ10 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ቢሆን ይሻላል፤ ለሌላ ሥራ ግን እንዳይመለስ ምልክት ይደረግበት።

አፈሩ እርጥብ መሆን አለበት፤ ውኃ የቆመበት ግን አይደለም። የመስከረም መጨረሻ ለዚህ የተመቸ ነው። በግንዱ ዙሪያ ግማሽ ሜትር ያህል የረገፈውን ቅጠልና ብስባሹን ሁሉ ይጥረጉ። ይህንን ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ መድኃኒቱ ግን ከብስባሽ ጋር በጣም ስለሚጣበቅ ካልተጠረገ እዚያው ይቀራል እንጂ ሥሩ ጋ አይደርስም። የተለካውን መድኃኒት በ5 ወይም በ8 ሊትር ውኃ በጥብጠው ከግንዱ 30 ሳንቲ ሜትር ክልል ውስጥ ዙሪያውን እኩል ያፍስሱ። መሬቱ ተዳፋት ከሆነ፣ ወሎ ላይ ደግሞ አብዛኛው እንዲያ ነው፣ ከግንዱ በላይኛው ወገን በዶማ ጣት የምታህል ጥልቀት ያላት ቦይ ጭረው እዚያ ያፍስሱት፤ አለበለዚያ ቁልቁል ይሄዳል። ከሰረገ በኋላ የጠረጉትን ቅጠል ይመልሱ።

ከዚያ ትዕግሥት ያስፈልጋል። መድኃኒቱ ጫፍ እስኪደርስ ከጥቂት ሳምንት እስከ ሦስት ወር ይፈጃል፤ በጣም ትልቅ ዛፍ ላይ ከዚያም ይረዝማል። "አልሠራም" ብሎ በወሩ መድገም ገንዘብ ማባከንና አፈር መበከል ነው።

ግንዱን በመሰርሰሪያ በስቶ መድኃኒት መጨመርስ ለሚሉ፦ ለዚህ የተሠራ መሣሪያ አለ። ያ በሌለበት በሚስማር ወይም በተራ መሰርሰሪያ መብሳት ለብስባሽ ፈንገስ በር መክፈት ነው። የሐበሻ ጥድ እንዲያውም ልቡን የሚያበሰብስ የራሱ ፈንገስ አለው።

ኢንተርኔት ላይ ስለ ሄምሎክ ዛፍ ሕክምና አንብበናል። ለእኛ ጥድ ይሆናል?

ሄምሎክ በሰሜን አሜሪካ ደን ውስጥ የሚበቅል ቅጠለ መርፌ ዛፍ ነው። በምሥራቁ ክፍል ከእስያ የመጣና በቅጠሉ ሥር እንደ ጥጥ የሚታይ ትንሽ ነፍሳት እያደረቀው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1951 በቨርጂኒያ ግዛት ሪችመንድ አጠገብ ነው መጀመሪያ የታየው። ከላይ የገለጽነው የሥር ሕክምናና የመጠን ስሌት በብዛት የተፈተነው በዚያ ዛፍ ላይ ነው። ልኬቱ፣ ብስባሽ መጥረጉ፣ የአፈሩ እርጥበት፣ ይህ ሁሉ ለጥድም ያገለግላል።

የማይወሰደው የጊዜ ሰሌዳው ነው። የሄምሎኩ ተባይ በበጋቸው ወራት ተኝቶ ይከርማል፤ የእኛው ክሽክሽ ግን ዓመቱን ሙሉ ነቅቶ ይራባል። አንድ ጊዜ የተሰጠ መድኃኒት ሄምሎክን ለበርካታ ዓመታት ይጠብቃል የሚለውንም ለጥድ ዋስትና አድርገው አይውሰዱት። በየዓመቱ በነጭ ወረቀት ይፈትሹ፤ ክሽክሽ ሲመለስ ብቻ ይድገሙ።

ዳይሜቶኤት ወይም ማላታይን የተባለውን የነፍሳት መድኃኒት ብረጭ ቶሎ አይገላግለኝም?

ቶሎ ይገድላል። ሆኖም ክሽክሹን የሚበሉትን ነጠብጣብ ያላቸው ጥንዚዛዎችና ትሎቻቸውን አብሮ ይፈጃል፤ ከጥቂት ሳምንት በኋላ የሚመለሰው ክሽክሽ ጠላት አይኖረውም። ከዚህም በላይ ረጅም ዛፍ ላይ ወደ ላይ ሲረጩ ተመልሶ የሚወርደው በረጪው ፊት ላይ ነው። ሰው በሚኖርበት ግቢ አንመክረውም። ግዴታ ከሆነ በሠለጠነ ሰው፣ በጓንት፣ በመነጽርና በማስክ፣ ነፋስ በሌለበት ጠዋት ይሁን።

ከእነዚህ መድኃኒቶች በኋላ ሰው ላብ ካጠመቀው፣ ምራቁ ከበዛ፣ የዓይኑ ብሌን ከጠበበና ትንፋሽ ካጠረው ልብሱን አውልቀው በሳሙና ይጠቡት፤ የመድኃኒቱን ዕቃ ከነመለያው ይዘው ወደ ጤና ተቋም ያድርሱት። ወተት ማጠጣት መድኃኒት አይሆነውም፤ እንዲያስመልስም አያድርጉት።

ቀፎ አለኝ። ጠበልም በአቅራቢያው አለ።

ጥድ በነፋስ የሚራባ ስለሆነ ንብ ለአበባው አትመጣም። ነገር ግን አበባ በጠፋ ጊዜ ንብ የክሽክሹን ማር መሰል ፈሳሽ ትቀስማለች፤ ኢሚዳክሎፕሪድ ደግሞ ንብ ይገድላል። ስለዚህ በክሽክሽ የተሸፈነና የሚንጠባጠብ ዛፍ ከሆነ መጀመሪያ በሳሙና ያራግፉት፣ የሥሩ መድኃኒት ከዚያ ይከተል። ከዛፉ ሥር አበባ የሚያወጣ ሣርና ቁጥቋጦ ካለ አጭደው ያስወግዱ፤ እሱም መድኃኒቱን ስቦ አበባው ላይ ያወጣዋል። ከብትም እዚያ አይግጥ።

ከጠበል፣ ከምንጭ፣ ከጉድጓድ ውኃና ከወንዝ አጠገብ የሥር መድኃኒት አይስጡ። መድኃኒቱ በውኃ ውስጥ ላሉ ነፍሳት ብርቱ መርዝ ነው፤ ድንጋያማ መሬት ላይ ደግሞ በስንጥቁ ገብቶ ወዴት እንደሚሄድ አይታወቅም። እኛ 30 ሜትር አርቁ እንላለን፤ ዛፉ ከምንጩ በላይ ባለ ተዳፋት ከሆነ ጨርሶ ይተዉት። የጥዱን ቅጠል ወይም ፍሬ ለመድኃኒት የሚለቅሙ ሰዎች ካሉም አስቀድሞ ይነገራቸው።

ግማሹ የደረቀ ዛፍ ይድናል?

ከግማሽ በላይ ከቀላ ተስፋው ትንሽ ነው። መድኃኒቱን ወደ ላይ የሚስበው ቅጠሉ ስለሆነ ቅጠል ያለቀበት ዛፍ መድኃኒት አይስብም። ጥድ እንደ ባሕር ዛፍ ከተቆረጠ ግንድ አያቆጠቁጥም፤ ቅጠል የሌለው አሮጌ ቅርንጫፍ መልሶ አይለመልምም። የደረቀውን ሲቆርጡ እስከ አረንጓዴው ድረስ ብቻ ይቁረጡ። የአጥር ጥድ ሲከረከም ከአረንጓዴው አልፎ እስከ እንጨቱ መግባት ለዘላለም የሚቀር ቀዳዳ ይፈጥራል።

ሊተርፍ የሚችለውን ዛፍ ውኃ ይርዱት፦ በበጋ በየሁለት ሳምንቱ፣ አፈሩ 30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት እስኪርስ፣ ግንዱ ሥር ሳይሆን የቅርንጫፉ ጥላ በሚያርፍበት ዙሪያ። ዩሪያ ግን አይጨምሩ። በውስጡ ያለው ናይትሮጅን ጭማቂውን ለክሽክሽ ያጣፍጠዋል፤ የሚፋጠነው የክሽክሹ እርባታ ነው።

የገና ጥድና ችግኝ ተባዩን ያዛምታሉ?

አዎ። ታኅሣሥ ክሽክሹ ከሚበዛባቸው ወራት አንዱ ነው፤ ለገና ቅርንጫፍ ተቆርጦ ከከተማ ከተማ የሚጫነውም በዚያው ወር ነው። ቅርንጫፉን ከመጫን በፊት በነጭ ጨርቅ ላይ ማራገፍ፣ ክሽክሽ የተገኘበትን መተው። ችግኝ ሲረከቡም ፕላስቲኩን ሳይሆን ቀንበጡን ይዩ፤ ከችግኝ ጣቢያው ሳይወጣ በሳሙናው ውኃ ይረጭ።

ሙሉ ደን ቢያዝስ?

በመድኃኒት አይሆንም፤ ሂሳቡ ራሱ ይከለክላል። በአሜሪካ ኢሚዳክሎፕሪድ ለአንድ ሄክታር በዓመት የተወሰነለት ጣሪያ 450 ግራም ገደማ ነው፤ ከሃያ በመቶው ፈሳሽ 2 ሊትር ከሩብ ማለት ነው። በ2.5 ሜትር ርቀት የተተከለ የፈረንጅ ጥድ በሄክታር 1,600 ዛፍ አለው። በዛፍ 35 ሚሊ ሊትር ብንሰጥ ከ64 ዛፍ አናልፍም።

ደን የሚድነው በአያያዝ ነው። የተጨናነቀውን ማሳሳት፣ የደረቀውን የእንጨት ነፍሳት ሳይገቡበት ፈጥኖ ቆርጦ ማውጣት፣ የወጣበትን ቦታ በዚያው ጥድ ሳይሆን በወይራ፣ በዝግባ፣ በደጋው ደግሞ በኮሶ መሙላት። ማላዊ እ.ኤ.አ. በ1994 ክሽክሹ ላይ እንቁላል የምትጥል ትንሽ ተርብ ከውጭ አስገብታ ለቃለች። ያ የመንግሥትና የምርምር ተቋም ሥራ ነው፤ ግለሰብ የሚሞክረው አይደለም። ነገር ግን ቀንበጥ ላይ ያበጠ፣ የደረቀና ክብ ቀዳዳ ያለው የክሽክሽ ቅርፊት ካዩ እንዲህ ያለ ጠላት አለ ማለት ነው፤ ያንን ዛፍ ኬሚካል አይርጩበት።

ናሙና የት ልውሰድ?

መጀመሪያ ለቀበሌው የግብርና ባለሙያ፣ ከዚያም በአቅራቢያ ላለ የዕፅዋት ጤና ክሊኒክ ወይም ለሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል። አሥር ያህል ክሽክሽ ከፋርማሲ በሚገዛ አልኮል በተሞላ ትንሽ ብልቃጥ ውስጥ ይክተቱ። ቀኑን፣ ቀበሌውንና የዛፉን ዓይነት በወረቀት ጽፈው እዚያው ብልቃጥ ውስጥ ይጨምሩ፤ በእርሳስ ይጻፉት፣ እስክሪብቶ በአልኮል ይሟሟል። ከቀላውና ከአረንጓዴው መጋጠሚያ የተቆረጠ አንድ ክንድ ያህል ቅርንጫፍም በጋዜጣ ጠቅልለው በፌስታል አሽገው አብረው ይዘው ይሂዱ።